ጎርፉ መሬቱን አኮመጠጠው ብዬ የተሳሳትኩበት ዓመት

ነሐሴ እየተገባደደ ነው፤ ርብም ጉማራም ሞልተው ሰንብተዋል። ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ጎርፉ ማሳዬ ላይ ተኝቶ ሰነበተ፤ ውኃው ሲሸሽ ሰብሉ ቢጫ ሆነ። አፈሩን አኮምጥጦት ይሆን? ኖራ ልጨምርበት ወይ?»

መልሱን በሁለት መስመር ጽፌ ማለፍ እችል ነበር። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቄ በሁለት ቃል መልሻለሁ፤ በዚያ መልስ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ግማሽ የሚሆን ምርቱን አጣ። ስለዚህ ዛሬ አላሳጥረውም። ቡናው እስኪፈላ አንብቡት፤ ማንበብ የሚቸግራቸው ጎረቤቶች ካሉም አንብቡላቸው።

ያኔ የምሠራው ፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። አገሩን ለማታውቁት፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስተው ቁልቁል ይወርዱና ፎገራ ሲደርሱ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ጉልበታቸው ይረግባል። ከዚያ ጣና ይገባሉ። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ ከቦያቸው ወጥተው ማሳ ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ስንቱ ሰው ከቤቱ እንደተፈናቀለ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። እንደዚያ ባይከፋም ውኃው በየክረምቱ መምጣቱ አይቀርም፤ የፎገራ ገበሬም ሩዝን አጥብቆ የያዘው ለዚህ ነው።

እኔ «አያ» እያልኩ የምጠራቸው አንድ አባት ነበሩ። ግማሽ ሄክታር የሩዝ ማሳ አላቸው፤ በደህናው ዓመት 20 ኩንታል ያህል ያገኙበታል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ርብ ሰብሮ ወጣና ማሳቸው ላይ ከሳምንት በላይ ተኛ። ጳጉሜ ላይ ውኃው ሲጎድል ሩዙ አልሞተም፤ ግን ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። ደወሉልኝና ሄድኩ። ከማሳው ዳር ቆሜ፣ ጫማዬን እንኳ ጭቃ ሳላስነካ፣ «አያ፣ ይኼ ውኃ የመጣው ከደጋ ነው። የደጋው አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ጎርፉ ያንን አምጥቶ መሬትዎን አኮምጥጦታል። ዩሪያ አይጨምሩ፤ ዩሪያ ደግሞ ይብስ ያኮመጥጣል። ገንዘብዎን ይያዙና ከአጨዳ በኋላ ኖራ እናደርጋለን» አልኳቸው።

አያ ሰው የሚያምኑ ናቸው። ለሁለተኛ ዙር ያስቀመጡትን ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ለጎረቤታቸው ሸጡ። ሁለት በግ ጨምረው ሸጡና 6 ኩንታል ኖራ ገዝተው፣ በጋሪ አስጭነው ቤታቸው ደረደሩት። ዩሪያውን የገዙት ጎረቤት ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው፤ ማሳቸው ከአያ ማሳ ጋር በአንድ ድንበር ይገናኛል፤ ያው ጎርፍ ነው የተኛበት። እሳቸው ውኃው ከጎደለ በኋላ ዩሪያውን በተኑት። «እትዬ፣ መሬቱ ኮምጥጧል እኮ» ብላቸው ሳቅ ብለው «የራበው ልጅም እኮ ፊቱ ይገረጣል» አሉኝ። በ2 ሳምንት ውስጥ የእሳቸው ማሳ አረንጓዴ ሆነ። የአያ ማሳ እንደገረጣ ቀረ። ድንበሩ ላይ ቆማችሁ ስታዩት በክር የተለየ ይመስል ነበር።

ኅዳር ላይ ታጨደ። አያ 11 ኩንታል አገኙ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ቤታቸው ቁጭ ብለን ኖራው የተደረደረበትን ጥግ እያዩ «ልጄ፣ መሬቴ ታሟል ያልከኝ መቼ አስመርምረኸው ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ሐኪም እንኳ ደም ሳያይ መድኃኒት አያዝም። እኔ ግን ቅጠል ከሩቅ አይቼ አዝዤ ነበር።

ኖራውን ከመበተናቸው በፊት ከማሳቸው የአፈር ናሙና ወስደን ባሕር ዳር ወዳለው የአፈር ላቦራቶሪ ላክን። ውጤቱ ሲመጣ የአፈሩ ፒኤች ከ6 እምብዛም የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። ለሩዝ የሚመች ነው፤ ኖራ አያስፈልገውም። ዝቅ ብሎ የተገኘው ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ነበር። መሬቱ አልታመመም፤ ተርቦ ነበር። እትዬ ያለ ላቦራቶሪ ያዩትን እኔ ከነትምህርቴ አላየሁትም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ማሳ ላይ ያየሁትን በደረጃ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ኮምጣጣነት። ፒኤች የሚባለው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል፤ 7 መሃሉ ነው። ከ7 ሲወርድ ወደ ኮምጣጣነት ይሄዳል፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ብዙው ሰብላችን ከ5.5 በላይ ከሆነ በደህና ያድጋል። ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያሳጥረዋል፤ ፎስፈረስንም ያስርበታል። ኖራ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ጎርፍ ሲተኛበት ምን ይሆናል? አብዛኛው ሰው ይኮመጥጣል ብሎ ያስባል፤ እኔም አስቤያለሁ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ውኃ አፈሩን ሲሸፍነው አየር አይገባም። አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት አየር ሲያጡ ናይትሬትንና ብረትን በአየር ምትክ ይጠቀማሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ኮምጣጣነቱን ይቀንሱታል። ስለዚህ ኮምጣጣ አፈር ለሳምንታት ውኃ ሲተኛበት ፒኤቹ ወደ 7 ይጠጋል። ውኃው ሄዶ አፈሩ ሲደርቅና አየር ሲገባ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አያችሁ አይደል? ጭቃ እንደሆነ ናሙና ብትወስዱ የምታገኙት ቁጥር የውኃውን ጊዜ እንጂ የመሬታችሁን ጠባይ አይነግራችሁም።

ይህ ማለት ውኃ መሬት አያኮመጥጥም ማለት አይደለም። ያኮመጥጣል፤ ግን በአንድ ክረምት አይደለም። ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ዓመታት ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙንና ፖታሲየሙን ሲያጥቡት፣ እኛም እህሉንም ገለባውንም ከማሳ አውጥተን ምንም ሳንመልስ ስንቀር፣ አፈሩ ቀስ በቀስ ይኮመጥጣል። ዩሪያም በብዙ ዓመት ድምር ያኮመጥጣል። ይህን አልክድም። ግን በአንድ ክረምት የተራበን ሩዝ ዩሪያ መከልከል፣ ለወደፊት ስኳር ይይዘዋል ብሎ የተራበን ሕፃን ምግብ እንደመከልከል ነው።

አሁን ስለ ንጥረ ነገሩ። ጎርፍ ቶሎ የሚወስደው ናይትሮጅንን ነው። ናይትሮጅን ናይትሬት በሚባለው መልኩ ሆኖ ውኃ ሲተኛበት ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ከውኃው ጋር ወደ ታች መስረግ ነው። ሌላው ረቂቅ ሕዋሳቱ ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር መልቀቃቸው ነው። ከ1 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ሰኔ ላይ የጨመራችሁት ነሐሴ ላይ ሰማይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሰብሉ የናይትሮጅን እጥረት ሲያጋጥመው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫነቱ ይጀምራል፤ ተክሉ ከአሮጌው እየወሰደ ለአዲሱ ስለሚመግብ ነው። ቢጫው ከላይ ካሉት ለጋ ቅጠሎች ከጀመረ ሰልፈር ማነሱን ጠርጥሩ። የአያ ሩዝ ከታች ነበር ቢጫ የሆነው። ጎንበስ ብዬ ባየው ኖሮ መልሱ እዚያው ነበር።

ፎስፈረስ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ውኃ እንደተኛ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ስለሚላላ ፎስፈረሱን ይለቀዋል፤ ሩዝ በዚህ ይጠቀማል። ውኃው ሄዶ አፈሩ ሲደርቅ ግን ብረቱ እንደገና ይጨብጠዋል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ አጥብቆ። ስለዚህ ከሩዝ በኋላ በመስኖ ሽንኩርት የምትተክሉ ሰዎች ሩዙ ጥሩ ስለነበር ሽንኩርቱም ያገኛል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በኤንፒኤስ ከረጢት ላይ 19፣ 38፣ 7 ተብሎ የተጻፈው በመቶኛ የናይትሮጅን፣ የፎስፌት (P2O5) እና የሰልፈር ድርሻ ነው። ፎስፈረስ ከቦታው ብዙም ስለማይንቀሳቀስ በተከላ ጊዜ ከሥሩ አጠገብ ቢደረግ ይሻላል፤ ሜዳ ላይ ተበትኖ ቢቀር ብዙው ታስሮ ይቀራል።

«ታዲያ ደለሉስ? ጎርፍ ማዳበሪያ ያመጣል አይደል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ግን እንደየቦታው ነው። ወንዝ ሰብሮ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። ከወንዙ ዳር አሸዋ ይጥላል፤ ትንሽ ራቅ ሲል ደቃቅ ደለል፤ ሜዳው ውስጥ ርቆ ሲገባ ደግሞ ድፍርሱ ይረጋና ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጎርፍ ሦስት ወንድማማቾች ሦስት ዓይነት ዕጣ ይደርሳቸዋል።

ከወንዝ ዳር ያለው አሸዋ ለብሶ ይነሳል። አሸዋ ውኃም ማዳበሪያም አይዝም። መሃል ላይ ያለው ደለሉን ያገኛል፤ ይህ ከደጋ ማሳ የታጠበ የላይ አፈር ስለሆነ በረከት ነው። ዳር ላይ ያለው ዋልካ መሬት ውኃ ይዞ ይሰነብትና ናይትሮጅኑን ያጣል፤ ሥሩም ይታፈናል። የአያ ማሳ ይኸኛው ነበር። የመሃሉ ገበሬ «ዘንድሮ ማዳበሪያ አላስፈለገኝም» ሲል ሰምቶ የዳሩ ገበሬ ቢከተለው ይጎዳል። ጎረቤት የሠራለት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

እንግዲህ ውኃው ሲሸሽ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አትቸኩሉ። ጭቃው ሳይጠነክር በሬ አታስገቡ። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት፤ እንደ ሊጥ ከተላጎደ ጊዜው አልደረሰም፤ ከፈረሰና ከተበተነ ደርሷል። ርጥብ ዋልካ ከታረሰ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ማሳውን ቆፍራችሁ አንብቡት። ከወንዙ በኩል፣ ከመሃልና ከዳር ሦስት ቦታ በአካፋ ቆፍሩ። አዲሱ ንጣፍ ከአሮጌው አፈር በቀለም ይለያል። ስንት ጣት እንደሆነ ለኩት፤ በጣታችሁ እሹት፤ ከሻከረ አሸዋ፣ ከለሰለሰ ደለል፣ ከተጣበቀ ጭቃ ነው። አሸዋው ከሦስት አራት ጣት ካልበለጠ ከታችኛው አፈር ጋር አርሳችሁ ደባልቁት። ማረሻችሁ ከታች ያለውን አፈር ማግኘት ካልቻለ ግን ማረስ አሸዋውን ማገላበጥ ብቻ ነው፤ ከቤተሰብና ከደቦ ጋር ሆኖ ማንሳት ወይም ለግንባታ ለሚፈልግ መስጠት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የቆመ ሰብል ካለ ሥሩን ንቀሉና እዩት። ነጭና ጤናማ ሥር ካለው ሰብሉ ይድናል። ጠቁሮ እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ታፍኗል፤ መጀመሪያ የሚፈልገው ማዳበሪያ ሳይሆን ውኃው የሚወጣበት ቦይ ነው። ሥሩ ደህና ሆኖ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ፣ ሩዙም ገና ካላዘለለ፣ ዩሪያውን ውኃው ከጎደለ በኋላ ጨምሩ። ደመናው ሌላ ጎርፍ የሚያመጣ ከመሰላችሁ አንድ ሁለት ቀን ታገሡ። ዩሪያን በአንድ ጊዜ አፍስሶ ከመጨረስ ከፍሎ መስጠት የሚሻለው ለዚህም ነው፤ ጎርፍ ቢመጣ የሚወስደው ግማሹን ነው።

አራተኛ፣ ናሙና። ከአጨዳ በኋላ አፈሩ እንደ ልማዱ ሲሆን ውሰዱ። ማሳውን ወዲህ ወዲያ እየተመላለሳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ ውሰዱ። ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥር፣ ከድንበርና ከኩይሳ አጠገብ አትውሰዱ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቃችሁ 1 ኪሎ ያህል አስቀሩ፤ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት አትጠቀሙ፤ ውጤቱን ያበላሸዋል። አሸዋ የለበሰውንና ያለበሰውን ለየብቻ አድርጉት። ከዚያ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ስጡ። «ቆይ ነገ» ካላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። እኔንም ጨምሮ፣ የማይጠየቅ ሰው ይረሳል።

አምስተኛ፣ መሬቱን ባዶ አትተዉት። ውኃ ተኝቶበት የቆየና ምንም ያልበቀለበት አፈር፣ ሥር ፎስፈረስ እንዲያገኝ የሚረዱት ረቂቅ ሻጋታዎች ይመነምኑበታል። በቀረው እርጥበት ሽንብራ ወይም ጓያ መዝራት አባቶቻችን ያወቁት ብልሃት ነው፤ ሁለቱም ከአየር ናይትሮጅን ስበው ለአፈሩ ይሰጣሉ። ጓያን ግን ለመሬቱ አልኩ እንጂ ዘወትር ለድስት አላልኩም። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ እንደሚችል የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ከቻላችሁ ደግሞ ኩበቱ ሁሉ ለማገዶ እንዳይሄድ፤ ጥቂቱን ኮምፖስት አድርጋችሁ ለማሳው መልሱ።

ኖራን በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል ልበል። ምርመራው ከ5.5 በታች ካሳየ ኖራ ጥሩ መድኃኒት ነው። መጠኑ በምርመራው ይወሰናል፤ ከመዘራቱ አንድ ሁለት ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በደንብ መታረስ አለበት። የማያስፈልገው መሬት ላይ ከተጨመረ ግን ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ እንደ ዚንክ ያሉትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ሰብሉ እንዳያገኝ ያደርጋል።

የአያ 6 ኩንታል ኖራ የት ደረሰ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የባለቤታቸው ወንድም ፋርጣ ውስጥ፣ ጉና ግርጌ ያርሳል። ገብሱ በየዓመቱ እየቀጨጨ፣ ባቄላውም አልበቅል እያለ ተቸግሮ ነበር። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም፤ መጀመሪያ አስመረመርን። የእሱ መሬት ከ5 በታች ወርዶ ተገኘ። ኖራው ሚያዝያ ላይ ወደ ደጋ ወጣ። ሁሉንም አልሸፈነም፤ በምርመራው መጠን የደረሰበት ቁራሽ ላይ ብቻ አደረገው። በዚያው ዓመት ክረምት ሄጄ ሳየው፣ ኖራ ያገኘው ገብስ ካላገኘው በቁመት ይለይ ነበር።

እዚያ ተዳፋት ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት አንድ ነገር ገባኝ። የሰውየው ማሳ የኮመጠጠው የላይ አፈሩና ካልሲየሙ ለዘመናት እየታጠበ ስለወረደ ነው። የወረደው ወዴት ነው? ወደ ርብ። ርብ ደግሞ ወደ ፎገራ። እኔ «ደጋው አኮመጠጠን» ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን ደጋው እየተራቆተ እኛን ማጉረሱ ነው። ስለዚህ የላይኞቹ እርከን ሲሠሩ ለራሳቸው ብቻ አይደለም፤ የታችኛው ገበሬ ጎርፍና አሸዋም ይቀንሳል። በተፋሰስ ሥራ ጊዜ «እኔን ምን አገባኝ» የምትሉ የሜዳ ሰዎች ካላችሁ፣ ያገባችኋል።

አያ ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። የ9 ኩንታሉን ጉዳት አልመለስኩላቸውም፤ የምመልስበት አቅምም አልነበረኝም። ይህንን ታሪክ ለሌላ ሰው ልንገር ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ንገር፤ ሌላው በኔ ይማር። ግን አንተ ማሳው ውስጥ ገብተህ እንደማታይ አብረህ ንገር» አሉኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ማሳችሁ ጎርፍ ገብቶበት ከነበረ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ከጎኑ እጃችሁን አድርጋችሁ፣ ከታች ያለውን ቅጠል፣ የተነቀለውን ሥር። ውኃው ስንት ቀን እንደተኛና ማዳበሪያ መቼ እንደጨመራችሁ ጻፉና ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ወይም ለእኔ ላኩ። ፎቶው ምርመራን አይተካም፤ ግን ከማሳ ዳር ቆሞ ከመገመት ይሻላል።

በሉ እንግዲህ፣ ሰላም ክረሙ። አዝመራው ይባረክ።